ከሰርቨሩ ወጥቶ የሚቀመጠው ዲስክ፦ የመሬትና የቁጠባ መዝገብ በአንድ አደጋ እንዳይጠፋ

ባሕር ዳር፦ የአርሶ አደሩ የእርሻ ወሰን፣ የከተማ ነዋሪው የቤት ይዞታ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር አባሉ ተቀማጭ ገንዘብ ዛሬ የሚገኙት በወረቀት መዝገብ ላይ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግበዋል። ኮምፒውተሩ ሥራውን እስከሠራ ድረስ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ባለጉዳይ የለም። ጥያቄው የሚነሳው ሰርቨሩ የተቃጠለ፣ የተሰረቀ ወይም በቫይረስ የተመታ ዕለት ነው። ያን ጊዜ መዝገቡ ከሌላ ቦታ መገኘት ካልቻለ ግን ጉዳዩ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይሆናል።

ለዚህ አደጋ ከተበጁት መፍትሔዎች አንዱ ሰርቨሩ ሳይጠፋና አገልግሎት ሳይቋረጥ ሊነቀል የሚችል ሃርድ ዲስክ ነው። በባለሙያዎች አጠራር "ሆት ስዋፕ" ይባላል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ውስብስብም አይደለም። ነገር ግን ጥቅም የሚሰጠው ደንቡ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ዲስኩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ሊቀመጥ እንደሚገባና ባለጉዳዩ ኅብረተሰብ ምን መጠየቅ እንደሚችል ያብራራል።

በመዝገቡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በመጀመሪያው ዙር ለአርሶ አደሩ የተሰጠው ደብተር የባለይዞታውን ስም፣ የማሳውን ግምታዊ ስፋትና የአዋሳኞቹን ስም የያዘ ነበር። በሁለተኛው ዙር የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ግን የማሳውን ካርታና መለያ ቁጥር ይዟል። ካርታው የተሠራውም፣ የተቀመጠውም በኮምፒውተር ነው። ብሔራዊ የገጠር መሬት አሥተዳደር መረጃ ሥርዓት በተዘረጋባቸው ወረዳዎች ደግሞ ውርስ፣ ስጦታና ኪራይ በዚሁ ሥርዓት ይመዘገባሉ።

የዚህ መዝገብ ክብደት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አሥተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያውል ይፈቅዳል። አበዳሪው ተቋም ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ይዞታው የማን እንደኾነ፣ በኪራይ ወይም በዋስትና ተይዞ እንደኾነ ከመዝገቡ ማረጋገጥ ይፈልጋል። መዝገቡ ከሌለ ማረጋገጫው ይዘገያል፤ ማረጋገጫው ከዘገየ ደግሞ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መግዣ ብድር ከዘር ወቅት በኋላ ይደርሳል።

በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አባሉ በየወሩ ያስገባው ገንዘብ፣ የወሰደው ብድርና የከፈለው ወለድ የሚታወቀው በመዝገብ ነው። መዝገቡ ከጠፋ አባሉ በእጁ ያለውን የቁጠባ ደብተር፣ ማኅበሩ ደግሞ የተረፉትን ደረሰኞች ይዘው አንድ በአንድ ማስታረቅ ይጠበቅባቸዋል። ሥራው ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሐል የሚነሳው አለመተማመንም ማኅበሩን ሊያፈርስ ይችላል።

ሃርድ ዲስክ ለምን ይበላሻል?

ሰርቨር በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ላሉ ብዙ ኮምፒውተሮች መረጃ የሚያቀብል ማዕከላዊ ኮምፒውተር ነው። መረጃው የሚቀመጠው በሃርድ ዲስክ ላይ ነው። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5 ሺህ 400 ወይም 7 ሺህ 200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ። መረጃ የሚያነበውና የሚጽፈው ክፍል ከሳህኑ ወለል ላይ ከሰው ፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ከፍታ ይንሳፈፋል። መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ቢመታ ወይም ቢወድቅ ይህ ክፍል ሳህኑን ይነካል፤ የተነካው ቦታ ላይ የነበረው መረጃም ይጠፋል።

ዲስኩ ሳይወድቅም ያረጃል። እጅግ ብዙ ዲስኮችን የሚያስተዳድረው ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በየጊዜው የሚያወጣው መረጃ እንደሚያሳየው ከ100 ዲስኮች መካከል በዓመት አንድ ወይም ሁለት ያህሉ ይበላሻሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ የሙቀቱ መጠን በተጠበቀና ኤሌክትሪክ በማይዋዥቅበት አዳራሽ የሚገኝ ውጤት ነው። አቧራ በሚበዛበት፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል የሚሠራ ዲስክ ከዚህ የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከእርጅና በተጨማሪ እሳት፣ ጎርፍ፣ መብረቅ፣ ስርቆት፣ የሰው ስህተትና ቫይረስ አሉ። እነዚህ አደጋዎች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ አብዛኞቹ አንድን ዲስክ ነጥለው ሳይኾን በአንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጠፉ ናቸው።

ጥንድ ዲስክና ምትኬ ይለያያሉ

ብዙ ሰርቨሮች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በኾኑ ዲስኮች ላይ ይጽፋሉ። ይህ አሠራር ሬድ ይባላል። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ባለሙያውም የተበላሸውን ነቅሎ አዲስ ይተካል። ሆት ስዋፕ በአብዛኛው የሚታወቀው በዚህ አገልግሎቱ ነው። ጠቃሚነቱም አያጠራጥርም፤ ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም።

ኾኖም ጥንድ ዲስክ ምትኬ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በስህተት የአንድን ቀበሌ መዝገብ ቢሰርዝ ስረዛው በዚያው ቅጽበት በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይፈጸማል። ቫይረስ ገብቶ ፋይሎችን ቢያበላሽ ሁለቱም ይበላሻሉ። ክፍሉ ቢቃጠል ሁለቱም ይቃጠላሉ። ጥንድ ዲስክ የሚጠብቀው ከዲስክ ብልሽት ብቻ ነው። ምትኬ የሚባለው በሌላ ጊዜ የተወሰደ፣ በሌላ ቦታ የተቀመጠና ከዋናው ጋር ያልተያያዘ ቅጂ ነው።

አርሶ አደሩ ይህን ልዩነት ከዘር አያያዝ ያውቀዋል። በአንድ ጎተራ ውስጥ በሁለት ጆንያ የተቀመጠ ዘር አንዱ ጆንያ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል፤ ጎተራው ከተቃጠለ ግን ሁለቱም አይተርፉም። በዓለም አቀፍ ደረጃም ዘር የሚጠበቀው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ ምርምር የሚያደርገው ኢካርዳ በሶሪያ አሌፖ አቅራቢያ የስንዴ፣ የገብስና የጥራጥሬ ዘሮችን የሚጠብቅበት ማዕከል ነበረው። የዘሮቹንም ቅጂ በኖርዌይ ስቫልባርድ በሚገኘው የዘር ማከማቻ አስቀምጦ ነበር። ጦርነቱ ማዕከሉን ሥራ ባስቆመው ጊዜ እ.ኤ.አ በ2015 ቅጂውን ከስቫልባርድ አውጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ማባዛት ችሏል። ዘሩን ያተረፈው ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው።

ዲስኩ ሳይጠፋ እንዴት ይነቀላል?

ሆት ስዋፕ በሚያስተናግድ ሰርቨር ላይ ዲስኮቹ የሚገቡት ከፊት ለፊት ባሉ ማስገቢያዎች ነው። እያንዳንዱ ዲስክ መሳቢያ በመሰለ መያዣ ላይ ይታሰራል። መያዣው እጀታ አለው፤ ሲገባ ይቆለፋል፣ ሲሳብ ይወጣል። ገመድ መፍታት ወይም የሰርቨሩን ሽፋን መክፈት አያስፈልግም።

ኤሌክትሪክ እየሠራ ዲስኩ ያለ ጉዳት የሚወጣውና የሚገባው በማያያዣው አሠራር ምክንያት ነው። ኃይል ከሚያስተላልፉት የማያያዣው እግሮች አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ረዘም ያሉ ናቸው። ዲስኩ ሲገባ መጀመሪያ የሚገናኙት ረጃጅሞቹ ሲኾኑ፣ ሲወጣ ደግሞ መጨረሻ የሚለያዩት እነርሱ ናቸው። በዚህ ቅደም ተከተል ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ዲስኩንም ሰርቨሩንም እንዳይጎዳ ይደረጋል። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓትና የዲስክ መቆጣጠሪያውም አሠራሩን መደገፍ አለባቸው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ሰርቨሩ ሆት ስዋፕ የሚቀበል መኾኑን በመመሪያ መጽሐፉ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በተራ ኮምፒውተር ውስጥ በገመድ የተያያዘን ዲስክ እየሠራ መንቀል ይህን አሠራር አይተካም።

ኤሌክትሪኩ ጉዳት አያደርስም ማለት ግን መረጃው አይጎዳም ማለት አይደለም። ሰርቨሩ በዲስኩ ላይ እየጻፈ ሳለ ቢነቀል ያልተጠናቀቀው ፋይል ይበላሻል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቅጂው መጠናቀቁ ይረጋገጣል። ሁለተኛ፣ ዲስኩ እንደሚነቀል ለሰርቨሩ በትዕዛዝ ይነገራል፤ ሰርቨሩም መጻፉን አቁሞ ዲስኩን ይለቅቃል። ሦስተኛ፣ በመያዣው ላይ ያለው መብራት ሥራ ማቆሙን ሲያሳይ እጀታው ተከፍቶ ዲስኩ ከማያያዣው ብቻ እንዲላቀቅ በጥቂቱ ይሳባል። አራተኛ፣ ሳህኖቹ መሽከርከር እስኪያቆሙ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ በመሽከርከር ላይ ያለ ዲስክ ለግጭት እጅግ ስሱ ነው። አምስተኛ፣ ዲስኩ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ሙል በሚከላከል ከረጢት፣ ከዚያም ስፖንጅ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ ተረኛው ዲስክ ይገባል፤ ሰርቨሩ እንዳወቀውም ይታያል። ዲስኩን ያወጣው ሠራተኛ ቀኑን፣ የዲስኩን ቁጥርና የወሰደበትን ቦታ በመዝገብ ጽፎ ይፈርማል።

ያልተያያዘ ቅጂ ዋጋ

ሰኔ 20/2009 ዓ.ም የደረሰ አንድ ክስተት ከሰርቨሩ ተነጥሎ የሚቀመጥ ቅጂ ምን ያህል እንደሚጠቅም በግልጽ አሳይቷል። በዕለቱ ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር ከዩክሬን ተነስቶ በዓለም ተሠራጨ። ከተጎዱት መካከል ታላቁ የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ማርስክ ይገኝበታል። ድርጅቱ በኋላ እንዳስታወቀው 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒውተሮችን እንደገና መጫን ነበረበት፤ ኪሳራውም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ለድርጅቱ ይበልጥ አስጊ የነበረው ሌላ ነገር ነው። የኮምፒውተር መረቡን ተጠቃሚዎች የሚለዩና ፈቃድ የሚሰጡ 150 ያህል ሰርቨሮች በተለያዩ አገራት ነበሩት። አንዱ ሲበላሽ ከሌላው መረጃ እንዲወስድ ታስቦ እርስ በእርስ ተያይዘው ነበር። ጥቃቱ ሲመጣ ግን ያ መያያዝ መከላከያ አልኾነም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ሲኾን የተገኘውም በጋና ነው። ያተረፈው የተለየ ጥበቃ አልነበረም፤ ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት በአካባቢው መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከመረቡ ተቋርጦ ነበር።

መረጃውን በኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ ሲታሰብ የመስመሩ አቅም ብዙ ቀናት የሚፈጅ ኾነ። በጋና ከነበሩት ሠራተኞችም የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በአውሮፕላን ማረፊያም ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እርሱም ወደ ለንደን ወሰደው። የዓለም ንግድ አንድ ክፍል በሰው እጅ በተጓዘ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀጥተኛ ነው። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም ጨርሶ የሚያጠፋ ሶፍትዌር ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይደርስበታል። የምትኬ ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለና ካደረ ከዋናው ጋር አብሮ ይጠፋል። ከሰርቨሩ ወጥቶ በሳጥን ውስጥ የተቀመጠን ዲስክ ግን በመረብ የሚመጣ ጥቃት ሊነካው አይችልም። በጋና መብራት በመጥፋቱ በአጋጣሚ የኾነውን ነገር ሆት ስዋፕ ዲስክ በዕቅድ ያደርገዋል።

ዲስኮቹን ማፈራረቅ

በሙያው የታወቀው መመሪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከእነዚህ አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይኑር ይላል። ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ማኅበር ይህን በሦስት ተነቃይ ዲስኮች መጀመር ይቻላል።

ዲስኮቹ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለው ምልክት ይደረግባቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት "ሀ" በሰርቨሩ ላይ ኾኖ የዕለቱን ቅጂ ይቀበላል፤ "ለ" በመሥሪያ ቤቱ ካዝና፣ "ሐ" ደግሞ በሌላ ሕንፃ ይቀመጣል። ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት "ሀ" ወጥቶ ወደ ሌላው ሕንፃ ይሄዳል፤ "ሐ" ወደ ካዝናው ይመለሳል፤ "ለ" ወደ ሰርቨሩ ይገባል። በየሳምንቱ በዚህ መልክ ይዞራሉ። እንዲህ ከኾነ መሥሪያ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል እንኳ ከአንድ ሳምንት ሥራ በላይ አይጠፋም። የአንድ ሳምንት ሥራ ከወረቀት ማመልከቻዎችና ደረሰኞች እንደገና ሊመዘገብ ይችላል፤ የአሥር ዓመት ሥራ ግን አይቻልም።

በቀን ብዙ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት ተቋም የአንድ ሳምንት ሥራ ማጣት ከከበደው ቁጥሩን ጨምሮ በየቀኑ ማፈራረቅ ይኖርበታል። በተጨማሪ በየወሩ መጨረሻ አንድ ዲስክ ለይቶ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ይመከራል። በስህተት የተሰረዘ ወይም በተንኮል የተለወጠ መዝገብ ከወራት በኋላ ሊታወቅ ስለሚችል አዳዲሶቹ ቅጂዎች ሁሉ ስህተቱን ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

"ሌላ ሕንፃ" የሚለው ቃል በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። በዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ቢሮ በቂ አይደለም። መስከረም 16/2018 ዓ.ም በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ የተነሳ እሳት ጂ ድራይቭ የተባለውን የመንግሥት ሠራተኞች የሠነድ ማከማቻ አወደመ። የጠፋው 858 ቴራባይት መረጃ ሲኾን በሌላ ቦታ የተቀመጠ ምትኬ አልነበረውም። ከመረጃው ብዛት የተነሳ ምትኬ ለመያዝ እንዳልተቻለ ተገልጿል። በቴክኖሎጂ ከቀደሙት አገራት አንዷ በኾነችው ኮሪያ ይህ ከደረሰ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ራሱን ከአደጋው ውጭ አድርጎ ሊመለከት አይችልም።

ለምን በኢንተርኔት አይላክም?

ቅጂን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ማዕከል መላክ ጥሩ ዘዴ ነው፤ መስመሩ ባለበት ቦታም ከተነቃይ ዲስክ ጋር አብሮ ሊሠራበት ይገባል። ነገር ግን ስሌቱን ማየት ያስፈልጋል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር አንድ ቴራባይት መረጃ ለመላክ መስመሩ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ 23 ቀናት ያህል ይፈጃል። በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚጽፍ ሃርድ ዲስክ ያንኑ መጠን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩ ወደ ሌላ ከተማ ለመድረስ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ መንገድ ብቻ ነው። በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ በኢንተርኔት እየላኩ ሙሉውን ቅጂ በዲስክ መያዝ ሁለቱን የሚያስታርቅ አካሄድ ነው።

መዝገቡ አነስተኛ ለኾነ ማኅበር በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲስክም ሊበቃ ይችላል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በማንኛውም ኮምፒውተርም ይሠራል። የሆት ስዋፕ ብልጫ ፍጥነቱ፣ የመያዣው ጥንካሬና ለተደጋጋሚ መንቀልና መሰካት የተዘጋጀ ማያያዣው ነው። ዋናው ቁም ነገር የዲስኩ ዓይነት ሳይኾን መፈራረቁና ከክፍሉ መውጣቱ ነው።

ያልተሞከረ ቅጂ አይታመንም

በመረጃ ቋት ውስጥ ያለ መዝገብ እየሠራ ሳለ ፋይሉን እንዲሁ መቅዳት ችግር አለው። በበረት በር ላይ እየገቡና እየወጡ ያሉ በጎችን እንደ መቁጠር ነው፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ሌላው ይታለፋል። ስለዚህ ቅጂው ሊወሰድ የሚገባው የመረጃ ቋቱ ራሱ ለዚህ ባዘጋጀው መሣሪያ ነው። ይህን የሰርቨሩ ባለሙያ በአንድ ጊዜ አስተካክሎ በየምሽቱ በራሱ እንዲፈጸም ማድረግ ይችላል።

ቅጂው ተወስዷል ማለትም ይመለሳል ማለት አይደለም። ጊትላብ የተባለ ለሶፍትዌር ባለሙያዎች አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ ጥር 23/2009 ዓ.ም አንድ ሠራተኛው በስህተት ዋናውን የመረጃ ቋት ሰረዘ። ኩባንያው አምስት የምትኬ ዘዴዎች ነበሩት። ሲፈተሹ ግን በአስተማማኝነት የሚሠራ አልተገኘም። ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ አንድ ቅጂ ተገኝቶ አገልግሎቱ ተመለሰ፤ በመሐል የነበረው ሥራ ግን ጠፋ። ኩባንያው የደረሰበትን ሳይደብቅ ለሕዝብ በመግለጹ ለብዙዎች ትምህርት ኾኗል።

ቢያንስ በየሦስት ወሩ አንድ ዲስክ ከማስቀመጫው ወጥቶ መዝገቡ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊመለስ ይገባል። ከተመለሰ በኋላ የጥቂት ባለይዞታዎች ወይም አባላት መዝገብ ተመርጦ በወረቀት ካለው ጋር ይመሳከራል። ሙከራው በቀጥታ በዋናው ሰርቨር ላይ መደረግ የለበትም፤ አሮጌው ቅጂ አዲሱን መዝገብ ሊሸፍነው ይችላል።

ዲስኩም ጥበቃ ይፈልጋል

ከቢሮ የሚወጣ ዲስክ ሊሰረቅ ወይም ሊጠፋ ይችላል። በውስጡ ያለው የሰዎች ስም፣ ይዞታና ገንዘብ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግለሰቦችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በመኾኑም ቅጂው በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ መጻፍ አለበት። ቁልፉ ከዲስኩ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻም አይቀመጥም። ያ ሰው ቢዛወር ወይም ቢታመም መዝገቡ እንደጠፋ ይቆጠራል። ቁልፉ በታሸገ ፖስታ በሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ቢቀመጥ ይሻላል።

ዲስክ እርጥበት፣ ሙቀትና አቧራ ይጎዱታል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ዲስክ ወዲያው ቢሰካ በውስጡ ጤዛ ሊፈጠር ስለሚችል ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ጥቂት ሰዓታት መቆየት አለበት። በጉዞ ጊዜ በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በዕቃ መጫኛ ሳይኾን በእጅ ይያዛል። የዋስትና ጊዜው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በመኾኑ ያንን የጨረሰ ዲስክ ለምትኬ ባይታመን ይመረጣል። የሚወገድ ዲስክም ፋይሎቹን በመሰረዝ ብቻ ለገበያ መቅረብ የለበትም፤ የተሰረዘ ፋይል በቀላሉ ሊመለስ ይችላል። በሙሉ ተጽፎበት መጥፋት ወይም በአካል መሰባበር አለበት።

የዘዴው ትልቁ ድክመት በሰው ላይ መመሥረቱ ነው። ተረኛው ሠራተኛ ዕረፍት ሲወጣ ተተኪ ካልተመደበ ማፈራረቁ ይቆማል፤ መቆሙንም ማንም አያስተውልም። ለዚህ ነው የፊርማ መዝገቡ የሚያስፈልገው። ኃላፊው በወር አንድ ጊዜ ያን መዝገብ ቢመለከት የትኛው ዓርብ እንደተዘለለ ያያል።

ባለጉዳዩ ምን መጠየቅ ይችላል?

የማኅበር አባል በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍል እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ መዝገቡ ደኅንነትም ሊጠይቅ ይችላል። አርሶ አደሩም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ማንሳት ይችላል። ጥያቄዎቹ የኮምፒውተር ዕውቀት አይጠይቁም። የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደው መቼ ነው? አሁን ያለው የት ሕንፃ ውስጥ ነው? ከሰርቨሩ ተነቅሏል ወይስ እንደተሰካ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ መልሶ የተሞከረው መቼ ነው? ተረኛው ሠራተኛ ሲቀር የሚተካው ማን ነው? ለአምስቱም ጥያቄ ቀንና ቦታ ጠቅሶ የሚመልስ ተቋም መዝገቡን ይጠብቃል ማለት ይቻላል። "ኮምፒውተር ውስጥ አለ" የሚለው መልስ ግን ቅጂው የት እንዳለ አይናገርም።

በባለይዞታው እጅ ያለው የይዞታ ደብተርም ከቢሮው ውጭ የሚገኝ አንድ ቅጂ ነው። ከዝናብ፣ ከጭስና ከአይጥ ተጠብቆ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይገባል። ውርስ፣ ስጦታ ወይም ኪራይ ሲፈጸም ሳይዘገይ ማስመዝገብና ደብተሩ ላይ ማስፈር፣ የቁጠባ ደብተርንም በየክፍያው ማስሞላት የአባሉ ድርሻ ነው። የቢሮው መዝገብ በተጓደለ ጊዜ ማመሳከሪያ የሚኾኑት እነዚህ ናቸው።

ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገው ሦስት ዲስክ፣ አንድ የፊርማ መዝገብ፣ በሌላ ሕንፃ የሚገኝ አንድ ካዝና እና በየዓርቡ ሩብ ሰዓት የሚሰጥ ሠራተኛ ነው። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ፣ ይህ ዝግጅት የሚጠቅመው ሰርቨሩ በደኅና እየሠራ ሳለ ከተጀመረ ነው።